ከሰማይ ወይስ ከገበያ? የአእዋፍ ጉንፋንና የዶሮ መንገድ

የካቲት 1 ቀን 1998 ዓ.ም. በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ ኤች5ኤን1 የተባለው የአእዋፍ ጉንፋን ቫይረስ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ቦታው በሰሜን ናይጄሪያ፣ ካዱና ግዛት፣ ጃጂ በምትባል ስፍራ ያለ ትልቅ የንግድ ዶሮ እርባታ ነበር። ዜናው አዲስ አበባ ሲደርስ ሕዝቡ ገና ከምርጫ 97 ድንጋጤ አልወጣም፤ የመንግሥትን መግለጫ የሚያምን ሰው በመብራት የሚፈለግበት ወቅት ነበር። በቀናት ውስጥ ግብፅ ተከተለች፤ በሚያዝያ ሱዳን፣ በግንቦት ደግሞ ጅቡቲ። በምዕራብም በምሥራቅም ጎረቤቶቻችን በሽታው እንደተገኘባቸው አስታወቁ። በጉራጌ ጉብሬ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የዶሮ እርባታም በሺዎች የሚቆጠሩ ዶሮዎች በመሞታቸው ጉድ ተባለ፤ ናሙናው ሲመረመር ግን ኤች5ኤን1 አልነበረም። በዚያ ወረርሽኝ ቫይረሱ በኢትዮጵያ አልተረጋገጠም።

ቫይረሱ አልመጣም እንጂ ፍርሃቱ መጥቷል። የዶሮና የእንቁላል ገበያ ወደቀ፤ ሆቴሎች ዶሮን ከምግብ ዝርዝራቸው አወጡ። የዐቢይ ጾም የካቲት 20 ቀን በመግባቱ የጾሙን ቅዝቃዜ ከፍርሃቱ ቅዝቃዜ ለመለየት ለኢኮኖሚ ባለሙያም አስቸጋሪ ነበር። የሆነ ሆኖ በዚያ ሰሞን የከሰረው አስመጪው አልነበረም፤ ሦስትና አራት ዶሮ ይዛ ገበያ የወጣችው የገጠር ሴት ነበረች። በሌለ በሽታ ከሰረች።

ይህን ታሪክ ዛሬ የማነሣው በዚያን ጊዜ ተጀምሮ በቅጡ ሳይቋጭ የቀረ አንድ ክርክር ስላለ ነው። ክርክሩ ሲታይ የእንስሳት ሐኪሞች ጉዳይ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን ውስጡ ፖለቲካ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ቫይረሱን ከአገር አገር የሚያመላልሰው ማን ነው? የሰማይ ወፍ ወይስ የገበያ ዶሮ?

መንግሥታት በአመዛኙ የሰማይ ወፍን መርጠዋል። እኛም ዘንድ በ1998 የተደጋገመው ስምጥ ሸለቆ፣ አብያታና ሻላ፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምትን ሸሽተው የሚመጡ ስደተኛ ወፎች የሚል ነበር። ነገሩ ሐሰት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በቻይና ቺንግሃይ ሐይቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የዱር ወፎች በዚሁ ቫይረስ ማለቃቸው ይታወቃል። ይሁን እንጂ የሰማይ ወፍ ለባለሥልጣን የሚመች ተከሳሽ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ወፍ ፓስፖርት የለውም፤ ጉምሩክ አይከፍልም፤ ፈቃድ የሰጠው መሥሪያ ቤት የለም። ወፍ ነው ከተባለ ተጠያቂ የሚሆን ሰው አይገኝም።

የናይጄሪያን ጉዳይ ቀረብ ብለን እንየው። አገሪቱ ከዚያ በፊት የዶሮ ምርት ከውጭ እንዳይገባ አግዳ ነበር፤ ጫጩት ግን በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቋረጠም። በሽታው አስቀድሞ የታየው በረግረግ ዳር በምትለቃቅም የመንደር ዶሮ ላይ አልነበረም፤ ከ40 ሺሕ በላይ ዶሮ በያዘ ዘመናዊ እርባታ ውስጥ ነበር። ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት የቫይረሱን የዘር ሐረግ ሲመረምሩ ወደ ናይጄሪያ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለያየ አጋጣሚ መሆኑን ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2006 ማርም ኪልፓትሪክ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የአገሮችን የዶሮ ንግድ መጠን፣ የወፎችን ጉዞና የቫይረሱን ዘር አንድ ላይ አስተያይተው ያገኙት ውጤት ደግሞ ይህ ነው፦ በእስያ ቫይረሱን ያዛመተው በአመዛኙ የዶሮ ንግድ፣ በአውሮፓ በአመዛኙ ስደተኛ ወፍ፣ በአፍሪካ ግን ሁለቱም።

አንድ ሌላ ነገር ላንሣ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ከባንኮክ ተነሥቶ ብራስልስ የደረሰ አንድ መንገደኛ በእጅ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ንስሮችን በቱቦ ደብቆ ተያዘ። ንስሮቹ ሲመረመሩ ኤች5ኤን1 ተገኘባቸው። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በአውሮፕላን፣ በሰው ሻንጣ ውስጥ አህጉር ተሻገሩ ማለት ነው!

ለእኛ ይህ ሁሉ አዲስ ሊሆን አይገባም ነበር። ኢትዮጵያ ከማንም ቀድማ ትምህርቱን በውድ ዋጋ የገዛች አገር ናት።

እ.ኤ.አ. በ1887 መገባደጃ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. መባቻ፣ ጣልያኖች በምፅዋ ላሰፈሩት ጦራቸው ከባሕር ማዶ ከብት አስመጡ። ከብቶቹ ታመው ነበር። በሽታው በአገራችን ስም ደስታ ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። ከምፅዋ ወደ ደጋ ወጣ፤ በነጋዴ ከብት፣ በጦር ጓዝና በስንቅ በሬ እየተነዳ ደቡብ ወረደ። ወቅቱ ዐፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን አስከትለው እስከ ሰዓጢ የወረዱበትና የተመለሱበት፣ አገሩ በሙሉ በእንቅስቃሴ ላይ የነበረበት ጊዜ መሆኑን አንዘንጋ። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንዳሰባሰቡት መረጃ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት 90 በመቶ ያህሉ አለቀ። በሬ የሌለው ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ ክፉ ቀን የምንለው ዘመን ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ሹማምንታቸው እንዲያፍሩና እንዲከተሏቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸው የተጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። በሽታው እዚህ አልቆመም። አሥር ዓመት ሳይሞላ የአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ደረሰ።

ወሎ ይህን ዘመን የሚያስታውሰው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። እኔ ባደግሁበት በአጅባርና በመካነ ሰላም መካከል ባለው ደጋ ሽማግሌዎች የቤተሰባቸውን ዘር ሲቆጥሩ አንድ ትውልድ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጧልና። የአንድ ወራሪ ጦር የሥጋ ትእዛዝ፣ በአንድ ወደብ የወረደ የታመመ መንጋ፣ የአንድን ሕዝብ የትውልድ ሐረግ በጠሰ። ደስታ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ አንድ መቶ ሃያ ዓመት አልፎ።

ጉንፋንም ቢሆን እንግዳችን አልነበረም። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ አቃጥለን ሰፈሩን በጭስ የምናጥነው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀውን የኅዳር በሽታ እያሰብን ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ሳይንቲስቶች የዚያን ቫይረስ ሙሉ ዘር ከሬሳ ቅሪት አውጥተው ሲያነቡት ከአእዋፍ ቫይረሶች ጋር የቀረበ ዝምድና አገኙበት፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነበር፤ ዓለም ስለ ኤች5ኤን1 እንቅልፍ ያጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኅዳር ሲታጠን ስለ ዶሮ የሚያስብ የአዲስ አበባ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ወደ ዶሮዋ እንመለስ። በ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአገሪቱ ዶሮ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በገጠር ጓሮ የሚለቃቀም ያበሻ ዶሮ ነበር። ገብስማው፣ ወሰራው፣ ዛጎልማው፣ ቀዩ፤ ሁሉም የራሱ ዋጋና የራሱ ገዥ አለው። የዶሮዋ ባለቤት ሴትየዋ ናት። በሬውን ባልየው ይሸጣል፤ በጉን ተማክረው ይሸጣሉ፤ ዶሮዋን ግን ማንንም ሳታስፈቅድ የምትሸጣት እርሷ ናት። ጨው፣ ጋዝ፣ የልጅ ደብተር፣ የዕድር መዋጮ የሚወጣው ከቆጡ ላይ ነው። እኔ ራሴ ከስድስተኛ ክፍል በፊት የተጠቀምሁባቸው ደብተሮች የእንቁላል ልጆች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም።

ይህች ዶሮ ትጓዛለች። ከቀበሌ ወደ አጅባር ገበያ በእጅ ተንጠልጥላ ትወጣለች። ሰብሳቢው ከአሥር ሃያ ቤት የመጡትን እግር ከእግር አስሮ ይገዛል። ከዚያ በአውቶቡስ ጣራ ወይም በአይሱዙ ጀርባ፣ በአቀስታ በኩል፣ ደሴ፤ ከደሴ ኮምቦልቻን አልፋ አዲስ አበባ። ጉዞው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። በጾም ይቀዘቅዛል፤ በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ጎርፍ ይሆናል። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ገበያ ስለሚውል ቅዝቃዜው እንደ ሌላው አገር አይበረታም፤ የዋዜማው ጎርፍ ግን ያው ነው። ለቫይረስ ከዚህ የተሻለ ሠርግ አይገኝም፦ ከመቶ መንደር የመጡ ዶሮዎች በአንድ ቅርጫት፣ በአንድ ሌሊት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ ያልተሸጠችው ዶሮ ነገር ነው። ዋጋ ያልተስማማላት ሴት ዶሮዋን ይዛ ትመለሳለች። ጠዋት ጤነኛ ሆና የወጣችው ዶሮ ቀኑን ሙሉ ከማታውቃቸው ጋር ታስራ ውላ ማታ ወደ ቆጧ ትወጣለች። በቀናት ውስጥ ቤቱ ጭር ይላል። ቅርጫቱ፣ የእንቁላል ትሪው፣ የመኪናው ጎማ፣ የነጋዴው ጫማ ሁሉ ኩስ ይዞ ይዞራል፤ እንደ እኛ ደጋ ቅዝቃዜ ባለበት ቫይረሱ በኩስ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ይህን ለመረዳት የአእዋፍ ጉንፋን እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ፈንግል አለልን። ፈንግል፣ ሐኪሞቹ ኒውካስል የሚሉት፣ በየዓመቱ በመንደር ቆጥ ላይ የሚመላለስ የዶሮ እልቂት ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት መግቢያ ላይ መንደራችን ገባ። እናቴ ዐሥራ አንድ ዶሮ ነበራት። ሰባቱ በሦስት ቀን ወደቁ። የቀሩትን አራት ቄቦች በማግሥቱ አጅባር ወስዳ ሸጠች። ሁለቱ አንገታቸውን መድፋት ጀምረው ነበር። ገዥዋ ከሌላ ቀበሌ የመጣች፣ የእናቴ ብጤ ሴት ናት። ስንመለስ እናቴ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም።

ካደግሁ በኋላ፣ በአንድ የዕረፍት ጊዜ፣ ይህንኑ ነገር በዚያው ገበያ ለአንዲት የዶሮ ሻጭ አነሣሁባቸው። «እማማ፣ ዶሮ ሲታመም ለግብርና ሰዎች አትናገሩም?» አልኋቸው። ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ልጄ፣ ነግሬ ምን ላገኝ? ያሉኝን ሊገድሉብኝ? ብሩን አንተ ትከፍለኛለህ?» አሉኝ። ዶክትሬቴን ይዤ ዝም አልሁ።

እንግዲህ ፖለቲካው እዚህ ላይ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ አዋጅ፣ ቁጥር 267፣ በሽታ ያየ ሰው እንዲያሳውቅ ግዴታ ጥሏል። ግዴታ መጣል ቀላል ነው። ነገር ግን ብታሳውቅ ሀብቷ የሚገደልባት፣ ብትሸሽግ ቢያንስ የጨው ዋጋ የምታገኝ ሴት የትኛውን ትመርጣለች? ግብፅ መልሱን አሳይታናለች። በ1998 ወታደርና ፖሊስ የተጨመረበት የዶሮ ግድያ ሲታወጅ የካይሮና የአባይ ዴልታ እናቶች ዶሮና ዳክዬአቸውን መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሸሸጉ። በበሽታው ከተያዙት ሰዎችም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 ግብፅ በሽታው በአገሯ ሥር መስደዱን ለማመን ተገደደች። ሆንግ ኮንግ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐሥራ ስምንት ሰዎች ታመው ስድስቱ ሲሞቱባት በቀናት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዶሮዎችን ገደለች፤ ለባለቤቶቹ ግን ካሣ ከፈለች። ልዩነቱ የባህል ሳይሆን የሒሳብ ነው።

የፖለቲካው ሌላ ገጽታ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የመንደር ዶሮ ከታች ወደ ላይ፣ ከገጠር ወደ ከተማ ትጓዛለች ብለናል። ከላይ ወደ ታች የሚወርድም ጅረት አለ። ከደርግ ዘመን ጀምሮ መንግሥት የዶሮ ብዜት ማዕከላት እያቋቋመ፣ ለእኛ አካባቢ ከኮምቦልቻ፣ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የሚባሉትን ዝርያዎች ለገበሬው ሲያከፋፍል ኖሯል። ከእ.ኤ.አ. 2010 ወዲህ ደግሞ የግል ድርጅቶች ገብተውበት የአንድ ቀን ጫጩት በሚሊዮን ይበተናል፤ አሳዳጊ ወኪሎች ተቀብለው ያሳድጉና በየመንደሩ ይሸጣሉ። የእነዚህ ዝርያዎች እናትና አባት ከባሕር ማዶ የሚመጡ ናቸው። ሥራው መልካም ነው፤ እንቁላል የማይበላ ልጅ እንቁላል እንዲበላ አድርጓል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን የመዝገቡን ምስክርነት እንስማ። ኒውካስል በአገራችን የሳይንስ መዝገብ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ1971 በአስመራ አቅራቢያ ከነበረ የዶሮ እርባታ ነው። ጉምቦሮ የተባለው የጫጩት በሽታ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 በደብረ ዘይት ከሚገኝ የንግድ እርባታ ተመዘገበ። እርግጥ ሐኪም ያለው በእርባታው እንጂ በመንደሩ ስላልሆነ መጀመሪያ የሚመዘገበው እዚያ ነው የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል፤ ትክክለኛ ተቃውሞም ነው። ሆኖም ዘመናዊ እርባታ ንጹሕ፣ የመንደር ዶሮ ብቻ አደገኛ ናት የሚለውን ሥዕል ለማፍረስ ይበቃል።

ሁለቱ ጅረቶች የሚገናኙት በአንድ መንገድ ላይ ነው። ጫጩት ይዞ አጅባር የወጣ መኪና ባዶውን አይመለስም፤ ያበሻ ዶሮ ጭኖ ይወርዳል። የጓሮዋን ዶሮ አደጋ ነሽ ብሎ ማስፈራራት፣ በ1998 እንደተደረገው፣ ማንንም ጉልበተኛ አያስቀይምም። የጫጩቱን መኪና አቁሞ ሣጥኑ ታጥቧል ወይ፣ ወኪሉ የሞቱበትን ጫጩቶች ቁጥር አሳውቋል ወይ፣ ወላጅ ዶሮዎቹ ከየት አገር በምን ማስረጃ ገቡ ብሎ መጠየቅ ግን ያስቀይማል። ለዚህም ይመስለኛል ጥያቄው ሁልጊዜ ወደ ሰማይ የሚወረወረው።

ለፍትሕ ሲባል መባል ያለበት ነገር አለ። ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ የመጣው አዲሱ የኤች5ኤን1 ዘር ከቀድሞው ይልቅ በዱር ወፎች ዘንድ ተስፋፍቷል፤ በ2021 መጨረሻ አትላንቲክን ተሻግሮ ካናዳ የደረሰው በወፍ ክንፍ እንደሆነ ይታመናል። ስለዚህ የሰማይ ወፍ ንጹሕ ነው የሚል ሰው ቢኖር እኔ አይደለሁም። ነገር ግን ያው ቫይረስ አሜሪካ ከገባ በኋላ የሆነውን እንይ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 በቴክሳስ የወተት ላሞች ላይ ተገኘ። በሳምንታት ውስጥ እንደ ሚሺጋን ባሉ ሩቅ ግዛቶች ብቅ አለ። ያደረሰው ከደቡብ የተገዙ ላሞችን የጫነ የጭነት መኪና ነበር። የፌዴራሉ መንግሥት በሚያዝያ ወር የወተት ላም ከግዛት ግዛት ከመሻገሯ በፊት ትመርመር ብሎ ያዘዘው ይህን አይቶ ነው። ከምፅዋ መንጋ 137 ዓመት በኋላ፣ ከዓለም ሀብታም አገር፣ የቀንድ ከብት እንደገና በሽታ ተጭኖ ሲጓዝ አየን።

በእኛ አገር ሊሠራ የሚችለው ነገር የሮኬት ሳይንስ አይደለም። የፈንግል ክትባት ደብረ ዘይት በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለበርካታ ዶሮዎች ተብሎ የተዘጋጀ ሲሆን የአንዲት እናት ዶሮዎች አምስት መሆናቸው ነው፤ ጎረቤት ካልተጠራራ፣ የሚያስተባብር የቀበሌ ባለሙያ ከሌለ፣ ብልቃጡ ተከፍቶ ይበላሻል። የገበያ ቀን ማለቂያ ላይ ቅርጫትና መሬቱን አጥቦ በኖራ ማልበስ፣ ከሌላ ቦታ የመጣችን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻ ማሠር፤ እነዚህ ሁሉ የሚታወቁ ናቸው። የማይታወቀው፣ ማለትም በሕግ በግልጽ ተጽፎ፣ በበጀት ተደግፎ፣ ሴትየዋ በራሷ ገበያ ቆማ ልታምነው የምትችለው፣ «ተናገሪ፣ የዶሮሽን ዋጋ እንከፍላለን» የሚል ቃል ነው። ክፍያው በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ገበያ፣ በእጇ ካልገባ ደግሞ ቃል አይባልም። የአንዲት ዶሮ ዋጋ ለወረዳው ሒሳብ ሹም ከሰነዱ ወረቀት አይበልጥም። ለአጅባሯ እናት ግን የልጇ መጪው መንፈቅ ዓመት ደብተር ነው፤ ለዚህም ስትል የታመመችውን ዶሮ በነጠላዋ ሸፍና ማለዳ ትወጣለች።